የኖላዊ አሯሯጭ

ለዓመታት የኖላዊ አሯሯጭ ነበርኩ። የማራቶን አሯሯጭ ከፊት ሆኖ ነፋሱን እየመከተ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ከዚያ መሃል ላይ አቋርጦ ይወጣል። ኖላዊ ሲያሸንፍ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ።

አሁን ሁለታችንም ሜሪላንድ ነን። እኔ ላንግሊ ፓርክ እየኖርኩ ኡበር እነዳለሁ። እሱ ደግሞ ገና ማሸነፍ ሲችል «ሩጫ በቃኝ» ብሎ ቤልትስቪል ላይ መሬት ተከራይቶ ጎመንና ቃሪያ ያመርታል።

ቅዳሜ ላየው ሄድኩ። ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ጭቃ መሃል፣ እያፏጨ ይኮተኩታል። ሰዓቱን ሳያይ ውሃ እንኳ የማይጠጣው ሰውዬ ሰዓት አላሰረም!

«ገላው፣ ጎመን ልቁረጥልህ?» አለኝ፤ ሳቁ ከልቡ ነው። ሜዳሊያውን ሁሉ ሲወስድ ችዬዋለሁ። አቋርጦ መውጣት ግን የኔ ሙያ ነበር። በሱም በለጠኝ።