ደፉ ላይ የተቸነከረው ብር

አያቴ ሰበታ ያለው ቤታቸው ሲገቡ፣ ጭቃ ባይኖርም ደፉ ላይ ቆም ብለው ጫማቸውን ይጠርጉ ነበር። በወረራው ዘመን የጣሊያን ንጉሥ «የኢትዮጵያም ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ብሎ መልኩን ያስቀረጸበትን የብር ሳንቲም፣ ጠላት በወጣ ማግስት እዚያ በምስማር መትተውት ነበር።

አንድ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ «አባቴ፣ ይሄ እኮ ብርቅ ነው፤ ይሽጡልኝ» ቢላቸው፣ «የሰው ዙፋን የቀማ፣ ቦታው እግሬ ስር ነው!» አሉት።

ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ረግጦት ገባ። ሰብሳቢውም መጣና ደፉ ላይ አጎንብሶ፣ «አሁንስ ትሸጪልኛለሽ?» አለኝ።

እሳቸው ይቆሙበት የነበረውን ቦታ ሳይ ሆድ ባሰኝ፤ እልህም ያዘኝ።

«ልቅሶ ሊደርሱ ከመጡ፣ እንደ ሰዉ ረግጠው ይግቡ» አልኩት።