እንደተሠራው

ወለተሐና ኃይለ ገብርኤል የሰላ ድንጋይ ቄስ ልጅ ናት። ከአባቷ የተማረችው ቁም ጽሕፈት እንጀራ ሆናትና በ1968 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የመንገድ ሥራ ጽሕፈት ቤት ፕላን ገልባጭ ሆና ተቀጠረች። መሐንዲሶቹ የነደፉትን ድልድይ በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ትገለብጣለች። እጇ ስለማይንቀጠቀጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሥራ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣ ነበር።

ባሏ ገብረመንፈስቅዱስ እዚያው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በ1974 ክረምት ድንጋይ ጭኖ ወደ አሊዩ አምባ ሲወርድ ከአንኮበር ገደል ሥር ያለው ድልድይ ተናደበት። ሬሳው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። የድልድዩ ፕላን መሠረቱ አምስት ሜትር ወርዶ ዓለት ላይ እንዳረፈ ይናገራል። ያንን ፕላን የገለበጠችው ወለተሐና ነበረች።

ለቅሶው ላይ ረሺድ የሚባሉ የአሊዩ አምባ ሽማግሌ ግንበኛ መጡ። ብዙ ከተቀመጡ በኋላ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ። ያን ድልድይ የገነባሁት እኔ ነኝ» አሏት። «ሁለት ሜትር ስንቆፍር ውሃ ፈነዳብን። ዓለት አላገኘንም። ለፎርማኑ ነግረነው ነበር፤ ቀኑ ደርሷል፣ ገንቡ አለን።»

«ወረቀቱ ላይ ግን አምስት ይላል፣ ጋሽ ረሺድ።»

«እኔ ወረቀት አላነብም፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ወለተሐና የዓመት ፈቃዷንና ቅዳሜዋን ለዚህ ነገር ሰጠች። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከአንኮበር ቁልቁል እስከ ቆላው፣ ግንበኛና ቀን ሠራተኛ እየፈለገች ጠየቀች። ለእያንዳንዱ ድልድይ አንድ ካርድ አወጣች፤ በስተግራ በፕላኑ ያለውን፣ በስተቀኝ በእርግጥ የተሠራውን፣ ከግርጌ የነገራትን ሰው ስም ጻፈች። በስድስት ዓመት ስልሳ ሦስት ካርድ ሞላች። አሥራ አንዱ ላይ ግራና ቀኙ አልተስማማም። ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ፣ «ጓድ ወለተሐና፣ የጸደቀ ፕላን እያለ ከገበያ ወሬ ትለቅሚያለሽ?» ብሎ ገሠጻት።

በ1980 ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር መጣ። ከሃንጋሪ ተምሮ የተመለሰው ወጣት መሐንዲስ ብርሃነ መስቀል የድልድዮቹን ልክ፣ ዕድሜና ይዞታ ሁሉ እያስገባ፣ የትኛው ቀድሞ መጠገን እንዳለበት ማሽኑ በተራ እንዲያወጣ ታዘዘ። ወለተሐና ካርዶቿን ታቅፋ ገባች።

«በዚህ ላይ ‹እንደተሠራው› ተብሎ የሚሞላ ቦታ አለው?»

«የለውም፣ እትዬ። በፕላኑ መሠረት ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ያብጁለት።»

ብርሃነ መስቀል ካርዶቹን አንድ በአንድ አነበበ። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና ቦታውን አበጀለት። ዝርዝሩ ሲወጣ በፕላኑ ከመጨረሻዎቹ ተርታ የነበረ ድልድይ አንደኛ ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት በሰልፍና በመፈክር የተመረቀ ድልድይ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ወሬውን ያቀበሉት እነማን እንደሆኑ በማግስቱ ስማቸው እንዲቀርብ አዘዘ። ግንበኞቹ አሁንም በቀን ሥራ ከዚያው መሥሪያ ቤት የሚበሉ ድሆች ነበሩ። ወለተሐና ምላጭ አንስታ የካርዶቹን ግርጌ በሙሉ ቆርጣ ጣለች። ብርሃነ መስቀልንም ለምና በማሽኑ ውስጥ «ማን እንደነገረን» ከሚለው ፊት የራሷን ስም አስገባች።

«አሥራ አንዱንም መሠረት አንቺ ነሽ ያየሽው?» አሏት መርማሪዎቹ።

«እኔ ነኝ።»

እሷ በሞላችው መዝገብ ሁሉ ሐሰቱ ይኸው አንድ ቃል ነበር። የሥራ አሻጥር ፈጽማለች ተብላ አሥራ ስምንት ቀን ታሰረች፤ ስትፈታም አረርቲ ወዳለ መጋዘን ዕቃ ጠባቂ ተደርጋ ተላከች።

በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ብርሃነ መስቀል ድንገት መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ክረምቱ ሳይገባ በራሱ ኃላፊነት በዝርዝሩ አንደኛ የወጣውን ድልድይ እግር አስቆፍሮ ነበር።

«አንድ ሜትር ከሰማንያ። ከሥሩ ደለል ነው» አላት። «ለመኪና ዘጋነው። በበጋው መሠረቱን እስከ ዓለቱ እናወርደዋለን።»

«ክረምቱን ማን አለፈበት?»

«እግረኛና በቅሎ ብቻ። ገበያተኛው አጉረመረመ እንጂ ሰው አልሞተም።»

ወለተሐና ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። የባሏ ለቅሶ ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም ነበር። ቆይታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «አሥሩስ?» አለችው።

«አራቱን አይተናል።»

«ስድስቱስ?»

ስድስቱን ገና ማንም አላያቸውም ነበር። ብርሃነ መስቀል ወደ ደብረ ብርሃን እንድትመለስ ቢጠይቅላትም አልተፈቀደም። እሷ ግን በ1981ም በ1982ም ሰኔ ሲገባ ያልተጠገኑትን ድልድዮች ስም ጽፋ ላከችለት። አምስቱ ተጠገኑ። ስድስተኛው በዚያው በ1982 ክረምት በጎርፍ ተወሰደ፤ በሰዓቱ በላዩ ላይ ማንም አልነበረም።