ግራና ላይ ውሃ ስንት ላይ ይፈላል?

ከወልድያ መነሻ

ሰኞ ጠዋት ካርቶኖቹን ባጃጅ ላይ ስጭን ከእኔ ቀድሞ ያማረረው ጉልበቴ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ቆሜ በመዋል ያለቀ ጉልበት ስለሆነ አልፈርድበትም። “ዘንድሮስ ሌላ ሰው ላኩ” ብዬ ነበር። ሌላ ሰው ግን አልተገኘም፤ ወይም ተገኝቶ ከእኔ ቀድሞ እምቢ ብሏል።

የጉዞው ዓላማ ይህ ነው። በሦስት ትምህርት ቤቶች፣ መጀመሪያ እዚሁ ወልድያ፣ ከዚያ መርሳ፣ በመጨረሻም ግራና፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሳይንስ ሙከራ እንዲሠሩ እናደርጋለን። ከየትምህርት ቤቱ በሥራ ወረቀቱ ብልጫ ያመጣ አንድ ተማሪ ይመረጥና ክረምቱን ወልድያ በሚሰጠው የሳይንስ ስልጠና ይሳተፋል። አብሮኝ የተመደበው ሰይድ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ነው። መርሳ ተወልዶ ያደገ፣ ሥራው ገና ያልሰለቸው ወጣት ነው። ካርቶን ሲያነሳ ያፏጫል፤ እኔን ደግሞ ፉጨቱ ራሱ ያደክመኛል።

የወልድያው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ መደርደሪያው ብቻ ነው የቀረው። እኛ ያመጣነው ማግኔት፣ ባትሪና አምፖል፣ ትንንሽ ድስቶች፣ ቡታጋዝ፣ እንዲሁም በጥጥ የተጠቀለሉ ቴርሞሜትሮች ነበር። ልጆቹ አምፖሉ በራ ቁጥር ያጨበጭባሉ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ውሃ ወደ ማፍላቱ መጣን። ውሃው ተንተከተከ፤ እንፋሎቱ የመስኮቱን መስታወት አደበዘዘው። ቴርሞሜትሩ ዘጠና ሦስት ላይ ቆሟል።

“ፈላ?” አልኳቸው።

“ገና ነው ቲቸር።”

“እንዴት ገና? እየተንተከተከ አይደል እንዴ?”

“መቶ አልገባማ!”

ጠበቁ። ውሃው አለቀ፣ ድስቱ መጨስ ጀመረ፤ እነሱ ግን ቴርሞሜትሩ መቶ እስኪገባ እየጠበቁ ነው። በመጨረሻ ሁሉም ወረቀታቸው ላይ “መቶ” ብለው ጻፉ። አገራችን ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት እንደሚቀንስ፣ ስለዚህም ውሃ መቶ ሳይደርስ እንደሚፈላ፣ መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ዳርቻ ስላለ ውሃ እንደሆነ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ወረቀቱን ግን ማንም አልሰረዘም።

እነሱም አልተሳሳቱም። ከስልጠናው አዘጋጆች የተላከውን የማረሚያ መልስ ስገልጥ “መቶ” ይላል። ወደ ጉዞው አስተባባሪ ደወልኩ።

“አስካለ” አለኝ፤ “መጽሐፉ መቶ ነው የሚለው። አንቺ መጽሐፍ ልትቀይሪ ነው?”

መከራከር ነበረብኝ። ግን የመርሳ ሚኒባስ ሊሞላ ነበር፣ እኔም ምሳ አልበላሁም። “እሺ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

መርሳ

ከወልድያ ወደ መርሳ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሲሪንቃን ካለፉ በኋላ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አብሮ ይጓዛል። ሾፌሩ ከፊት የሚመጣ መኪና ባየ ቁጥር እጁን እያወጣ “መንገዱ ሰላም ነው?” ይላል፤ “ሰላም ነው፣ እለፉ” ይሉታል። የዚህ አገር መንገደኛ ዛሬም ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሚጠይቀው ይህንን ነው። መርሳ ስንገባ ማንጎና ፓፓያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተከምሯል። ሰይድ ሁለት ኪሎ ማንጎ ገዝቶ፣ “እትዬ፣ ይብሉ፣ ጉልበት ይሆንዎታል” አለኝ። በላሁ። ጉልበቴ ግን ማንጎ አያታልለውም።

ያደርኩበት አልጋ ቤት ንጹሕ ነው፤ ትንኙ ብቻ የከፈልኩትን ያህል አላስተኛኝም።

ማክሰኞ በመርሳው ትምህርት ቤት ያው ነገር ሆነ። ቴርሞሜትሩ ከወልድያው ትንሽ ከፍ ብሎ መቶ ሳይገባ ቆመ። የሳይንስ መምህሩ ትሑትና ደግ ሰው ናቸው፤ በእንግድነቴ እንዳላፍር ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“መምህርት፣ ይቅርታ፣ ቴርሞሜትራችሁ ሳይበላሽ አይቀርም።”

“ኧረ ደህና ነው።”

“አይ፣ የእኛም እንደዚሁ ናቸው። ይምጡ ላሳይዎት።”

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወሰዱኝና አንድ ካርቶን ከፈቱ። አንድም ስንጥቅ የሌለባቸው፣ ፕላስቲካቸው እንኳ ገና ያልተቀደደ ቴርሞሜትሮች ሞልተውበታል። ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ “የተበላሹ” ተብሎ ተጽፏል። ከጦርነቱ ዘረፋ የተረፉትም ለዚህ ነው፤ ሌባውም ጽሑፉን አንብቦ ትቷቸው ሄደ።

“አንዱም መቶ አይገባም” አሉኝ እያዘኑ።

ሰይድ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ግን መሳቅም አቃተኝ፤ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ስለ ከፍታው ነገርኳቸው። መምህሩ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ “ይሆናል እንግዲህ፤ ፈተና ላይ ግን መቶ ነው የሚመጣው” አሉ። ያሉትም እውነት ነው። የመርሳ ልጆችም ሁሉም መቶ ጽፈው፣ አንዲት ልጅ በሌሎቹ ጥያቄዎች በልጣ ተመረጠች።

ግራና

ረቡዕ ጠዋት በኮንትራት ባጃጅ ወደ ግራና ሄድን። መንገዱ አቧራ ነው። በመስኖ የለማው የሽንኩርት ማሳ ግን ዓይን ያሳርፋል። ባለ ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር “ይቅርታ እናቴ” ይለኛል፤ ግራና እስክንደርስ ከዘመዶቼ ሁሉ ያልሰማሁትን ይቅርታ ሰማሁ።

የግራና ልጆች ተሰባስበው ጠበቁን። ለውሃው ሙከራ ከፊት ድስት ላይ የተመደበችው ዘምዘም ትባላለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሌሎቹ ሲንጫጩ እሷ ቴርሞሜትሩን ላለመስበር ትንፋሿን የያዘች ትመስላለች። በእረፍት ሰዓት ከአጠገቤ ተቀምጣ እኔ ሳልጠይቃት ጉዳይዋን ነገረችኝ።

“እህቴ ሳዑዲ ነች። አባባ ‘ከተመረጥሽ መርሳ ቤት ተከራይቼልሽ ዘጠነኛን ትማሪያለሽ፤ ካልተመረጥሽ ግን እህትሽ ጋ ትሄጃለሽ’ ብሎኛል። ደላላም አነጋግሯል።”

“አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?”

“መማር ነዋ፣ ቲቸር!” አለች፤ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ድምፅ።

ከእረፍት በኋላ ውሃው ተጥዶ ፈላ። ቴርሞሜትሩ ዘጠና አምስት ላይ ቆመ። ልጆቹ እንደ ወልድያዎቹ “ገና ነው” አሉና በኋላ ሁሉም መቶ ጻፉ። ዘምዘም እስክርቢቶዋን ይዛ ቀረች። ወደ እኔ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

“ቲቸር፣ የትኛውን ልጻፍ? ያየሁትን ነው የሚታረመውን?” አለችኝ።

የማረሚያው መልስ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ምን እንደሚል አውቃለሁ። ቢሆንም በዓይኗ አይታ ለጠየቀችኝ ልጅ “መቶ ጻፊ” ማለት አልቻልኩም። ሰይድን አሳምነዋለሁ ብዬም ተማመንኩ።

“ያየሽውን ጻፊ” አልኳት።

ጻፈች። ቆንጆ አድርጋ፣ ዘጠና አምስት።

እርማቱን ከሰይድ ጋር ተቀምጠን ስንጨርስ ዘምዘም ሙሐመድ ከሚባል ልጅ በዚያች በአንዲት ጥያቄ ተበለጠች። “ይህንን እንስጣት” አልኩት። ሰይድ እንደ እኔው ነው ያዘነው፤ ፉጨቱም ጠፍቷል።

“እትዬ፣ ለወልድያና ለመርሳ ልጆች በመቶ አርመን ለግራና በዘጠና አምስት እናርም? ሙሐመድስ ምን አጠፋ? የተማረውን ነው የጻፈው።”

አስተባባሪው ጋ ደወልኩ። እሱም የሰይድን ቃል ደገመልኝ። የተናደድኩት ሁለቱም ትክክል በመሆናቸው ነው። የመከራከሪያው ጊዜ ሰኞ ዕለት ነበር፤ ያን ጊዜ እኔ ሚኒባስ አሳድድ ነበር። ውጤቱ ተነገረ፣ ለሙሐመድ ተጨበጨበለት። ዘምዘምም አጨበጨበች።

ዕቃችንን ሸክፈን ስንወጣ አባቷ አቶ ይማም ግቢው በር ላይ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር። ከማሳ በቀጥታ ስለመጡ ውጤቱን አልሰሙም። ሲያዩኝ ተነሡ።

“እንደምን ዋሉ መምህርት። ልጄ እንዴት ሆነች? ተመረጠች?”

ዘምዘም ከኋላዬ ቆማለች። እህቷ ጋ የምትሄድበት መንገድ በዓይነ ኅሊናዬ መጣብኝ፤ በረሃው፣ ጀልባው፣ የሰው ቤት ወጥ ቤት። ያየሽውን ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ።

“ተመርጣለች” አልኩ።

“አልሐምዱሊላህ!” ብለው ሁለት እጃቸውን አነሱ። ሰይድ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ዞሮ ቆመ።

“አልተመረጥኩም አባባ።”

ዘምዘም ነች። ወደ ፊት መጥታ አጠገቤ ቆመች።

“የተመረጠው ሙሐመድ ነው። እሳቸው አዝነውልኝ ነው።”

አቶ ይማም እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። እኔ መግቢያ አጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። “እውነቷን ነው” አልኩና ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ዘረገፍኩላቸው፤ ስለ ከፍታው፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ማረሚያው።

“ቆይ” አሉኝ፤ “ውሃው ስንት ላይ ፈላ?”

“ዘጠና አምስት።”

“እሷስ ስንት አለች?”

“ዘጠና አምስት።”

“ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳተችው?”

አቶ ይማም ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

“ደላላው እኮ” አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ “‘ዕድሜሽ ስንት ነው ሲሏት ሃያ አምስት ትበል’ ብሎኛል። ይቺ ልጅ? ወላሂ፣ ገና የመጀመሪያው ኬላ ላይ ‘አሥራ አምስት ነኝ፣ የላከኝም አባቴ ነው’ ብላ እኔንም እሱንም ታስይዘናለች!”

“እላለሁ” አለች ዘምዘም። እያለቀሰች ነበር።

“ትያለሽ እንጂ! አሁን አይደል የሰማሁሽ?” ጆንያውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። “ትማር እንግዲህ። ለሌላ ነገር አልሆነችም። ነይ፣ ያዢልኝ በዚያ በኩል።”

አባትና ልጅ ጆንያውን ይዘው ሄዱ። እኛ ባጃጁ ውስጥ ገባን።

መልስ

ሰይድ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ “እትዬ፣ እርስዎ ይዋሻሉ ብዬ አስቤ አላውቅም” ያለኝ።

“እኔም አላሰብኩም ነበር” አልኩት።

ለክረምቱ ስልጠና ለዘምዘም ተጨማሪ ቦታ እንዲሰጣት እጠይቃለሁ፤ እሺ ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም። ማረሚያው ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሳይስተካከል ካርቶን አላነሳም፣ ይህን ለአስተባባሪው መንገድ ላይ እያለሁ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ጉዞው ያስተማረኝም ይህንኑ ነው። “ያያችሁትን ጻፉ” ማለት ለሚያዝዘው አንዲት ቃል ናት፤ ዋጋውን የሚከፍለው የሚጽፈው ነው። የማዘዝ ድፍረት ያለው ሰው ድካሙን ተሸክሞም ቢሆን መከራከር ያለበት ቦታ መከራከር አለበት።

ቤት ስደርስ ልጄ ጫማዬን እያወለቀችልኝ፣ “ጉዞው እንዴት ነበር እማዬ? ልጆቹ ተማሩ?” አለችኝ።

“ዋሽቼ ተያዝኩ” አልኳት። “የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት የያዘችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።”