ከሰፊ ቤት በቀር

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ክረምቱ ወጥቶ በየመንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት የሚጠበስበት ወቅት እንደነበረ ግን ሽታው ይነግረኛል። ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ ቤቴን የተከራየችው መምህርት ናት። ትናንት የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም ቀና አለችና፣ «አባባ፣ የግጥም ስሜቱ በምን ይታወቃል ይላሉ?» አለችኝ። እኔ ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም። ግን አንዲት የሁለት መስመር ግጥም እንዴት እንዳመሰችኝ ነገርኳት።

ያኔ ቢቸና ገበያ ዳር፣ የስፌት መኪናዬንና እኔን ብቻ በምትይዝ ክፍል ልብስ እሰፋ ነበር። ብዙዬ የምትባል የሞጣ ልጅ አክስቷን ልትጠይቅ መጥታ ቀሚስ አሰፋችና ልቤን ይዛ ተመለሰች። ከሞጣ ጨርቅ በሚያመጡልኝ ነጋዴ ሴት በኩል፣ «ሽማግሌ ልላክ ወይ?» ብዬ ላክሁባት። በሳምንቱ የተጣጠፈ ወረቀት መጣልኝ፤

ዘመድ ቢሰበሰብ አማላጅ ቢገባም፣
ከሰፊ ቤት በቀር ሌላ ቤት አልገባም።

ክፍሌን ዞሬ አየኋት። እጄን ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ እነካለሁ። በቃ፣ ሰፊ ቤት ያለው ፈልጋለች! ታዲያ እምቢታ ከሆነ ለምን በግጥም? በጣቴ ቆጠርኩት፤ ስድስት፣ ትንፋሽ፣ ስድስት። ሁለተኛውም መስመር እንዲያው። መጨረሻቸው «ባም»፣ «ባም» እያለ ቤት ይመታል። ሳዜመው ደስ ይላል፤ ሳስበው ያስለቅሳል። የትኛውን ልመን? ግራ ገብቶኝ ሁለት ሳምንት እጅጌ ገልብጬ ስሰፋ ከረምኩ።

ነጋዴዋ ተመልሰው መጡ።

«አንተ እዚህ ተጎልተሃል! የእህል ነጋዴ ሽማግሌ ልኮባታል እኮ።»

«እምቢ ብላኝ የለ፣ እትዬ?»

«እስቲ አንብበው፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ሰፊ» የሚለውን አጥብቄ አነበብኩላቸው። ወደ ስፌት መኪናዬ ጠቆሙና፣

«ሥራህ ምንድን ነው አንተ?»

«ልብስ ሰፊ።»

«እንግዲያ እንደዚያው አድርገህ ድገመው፣ ጅል!»

አላልቼ ደገምኩት። ስድስቱም ስድስት እንደሆነ፣ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ ቤቱ የልብስ ሰፊ ቤት ሆኖ አረፈው። ያችው የእኔ ጠባብ ክፍል! በማግስቱ ሽማግሌዎቼን በሞጣ አውቶቡስ አሳፈርኩ።

መምህርቷ ሳቀች። ብዙዬ ከጓዳ ትሰማን ኖሯል።

«እስቲ ንገሪኝ፣ የትኛውን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አልኳት።

«ገና ስገባ ተጨማሪ ክፍል ያሠራሁህ ረሳኸው?» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ እንጃ፣ ዛሬም አልገባኝም። ያኔ አላልቼ እንዳነብ ያደረጉኝ ግን ፊደል ያልቆጠሩት የሞጣዋ እትዬ ዘሀራ ናቸው።