የሥራነሽ መንጋጋ

ከደብረ ኤልያስ ወረድ ብሎ ባለው ቀበሌ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ ነው፤ ቀጥሎ ሥራነሽ። አንዳንዱ ቤትማ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ነበር። ሥራነሽ አልቃሽ ናት። ባል አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ አልወለደችም፣ መሬቷም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለቅሶ ላይ ስትቆም ግን ባለ በሬውም ባለ ሱቁም ቦታ ይለቅላታል። የሟቹን ሥራና ጠባይ በሁለት ስንኝ ቋጥራ ስታወርደው፣ ለመታየት ብቻ የመጣው ቀባሪ ሳይቀር ደረቱን ይመታል።

ይህን ያስተማሯት እናቷ እማማ ደብሪቱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ፣ ድምፅ የተነፈጉ፣ ግጥም ግን የሞላባቸው ሴት ናቸው። እንዝርቱን እያሾሩ ስንኙን ለልጃቸው ያቀብሏታል። «እኔ ስሞት አንቺ ታወርጅልኛለሽ፤ ሌላ ሰው እንዳታስነኪኝ» ይሏት ነበር። እየሳቁ ነው የሚሉት፣ ግን ቀልድ አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው በጥርስ ነው። የታች መንጋጋዋን ሲያማት ሰፈር ውስጥ በጉጠት የሚነቅል ሰው ነቀለላት፤ ሥሩ ተሰብሮ ቀረ። መግል ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ዳነ ሲባል ተመልሶ ቋጠረ። ሥራነሽ ነጭ ሽንኩርት እየነከሰች አምስት ዓመት ቻለችው። በዚያ መሀል የታች ጥርሶቿ አንድ በአንድ እየተነቃነቁ ወለቁ፣ ጉንጯም ወደ ውስጥ ገባ። ደብረ ማርቆስ ሄዳ የሚወልቅና የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራች፤ እሱም አልያዘላት። አንድ ሽማግሌ የሞቱ ዕለት፣ ድምፅዋን ከፍ ባደረገችበት ቅጽበት፣ ጥርሱ ከአፏ አፈትልኮ ቃሬዛው ሥር ወደቀ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እያለቀሱ እንዳልነበሩ እሷም እነሱም ያውቁታል።

ከዚያ ቀን በኋላ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከኋላ መቀመጥ ጀመረች።

ደብረ ማርቆስ ያለችው የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተር ሕሊና፣ ራጁን አሳየቻት። «ጥፋቱ የጥርሱ አይደለም። የሚቀመጥበት አጥንት አልቋል፤ ይኸው፣ እንደ ወንዝ ዳር ተሸርሽሯል። ድድዎን ከፍተን የአጥንት ዱቄት እንሞላበታለን፣ በስስ ሽፋን ሸፍነን እንሰፋዋለን። ቀስ እያለ የራስዎ አጥንት ይበቅልበታል። ከዚያ በኋላ የማይወልቅ ጥርስ ይተከላል።»

«አጥንት ይበቅላል? እንደ ገብስ?»

«ከገብስ ይዘገያል» አለች ዶክተሯ። ከአዲስ አበባ ለማስተማር የሚመጡ ሐኪሞች በነፃ እንደሚሠሩላት፣ ዕድሉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። «ሦስት ሳምንት አፍዎን በሰፊው አይከፍቱም። ጠንካራ ነገር አይበሉም፣ አይጮሁም። ስፌቱ ከተከፈተ የሞላነው ሁሉ ይፈሳል፤ ሁለተኛ የምሞላበት የለኝም።»

እማማ ደብሪቱ ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ሂጂ ልጄ፤ ለኔ ትደርሻለሽ» አሏት። ለጎረቤት ግን ጠበል ሄደች ተባለ። በዚህ ዕድሜዋ ጥርስ ልታስተክል ሄደች ከተባለ ሰው መሳቂያ ያደርገኛል ብላ ፈራች። ጥፋት ከተባለ የሥራነሽ ጥፋት ይህች ውሸት ናት፤ ሌላው መከራ እንጂ ጥፋት አይደለም።

በተሰፋች በዘጠነኛው ቀን እማማ ደብሪቱ ከመኝታቸው ሳይነሱ ቀሩ።

ገናዦቹ የእናቷን አገጭ በነጭ ጨርቅ አሰሩ። ሥራነሽም እብጠቷ ገና አልጎደለምና የራሷን አገጭ በነጠላ አስራ ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። ግቢው በሰው ሞላ። ሃያ ዓመት የሰውን ሙት ያለቀሰች ለገዛ እናቷ ምን ልትል ነው ብሎ ከአማኑኤል ከተማ ድረስ የመጣ ነበር።

ግጥሙ ደርሶላት ነበር። ሬሳው ሲታጠብ ጀምሮ ምላሷ ላይ ነው፤

እድሜሽን ፈተልሽው ለሰው ገላ ጋቢ፣
አፈር ለበስሽ ዛሬ አጥተሽ አንድ ደራቢ።

ወንድሟ አንሙት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ስለሆነ ሁሉንም ያውቃል። «እታለም፣ ተነሽ እንጂ፤ ሰው እያየ ነው። ሁለት ስንኝ ብቻ። ቀስ ብለሽ።»

ሙሾ ቀስ ተብሎ አይወርድም። ሥራነሽ ምላሷን ወደ ስፌቱ ላከች፤ ክሩ አለ። ይህ ከተከፈተ ሌላ የለም፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ከኋላ መቀመጥ ነው። እናቴ ሞታለች፣ አትሰማኝም፤ እኔ ግን አለሁ፣ አለች በልቧ። እንዲህ ማሰቧ ራሱ አስደነገጣት። እንባዋ ወርዶ ነጠላውን አራሰው፣ አንሙት ግን ያገኘው መልስ የራስ መነቅነቅ ብቻ ነው።

ጨነቀውና ለሰው «ጥርሷን ታክማ ነው» አለ። ያን ጊዜ ባሰ። ጠበል አይደል እንዴ ያለችን? ተባለ። ለእናት ሞት ጥርስ! ተባለ። መጨረሻ ላይ ጥሩዓለም የምትባል፣ ለማንም ሟች ያንኑ የምትል ሴት ተነሣችና አወረደችው፤

ጎተራው የሞላ በሬው የጠገበ፣
የወይዘሮ ደጅ ነው ዛሬ የተራበ።

እማማ ደብሪቱ ጎተራም በሬም ኖሯቸው አያውቅም። ማንም ደረቱን አልመታም። እኒያ ግጥም አዋቂ ሴት ባልኖሩት ኑሮ ተወድሰው ተቀበሩ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አጥንቱ በቀለ። በስድስተኛው ወር ዶክተር ሕሊና አዲሱን ራጅ ከአሮጌው ጎን አድርጋ እያየች «እንዲህ ያማረ አላየሁም፤ እንዴት ተጠንቅቀው ቢይዙት ነው!» አለቻት። ጥርሱ ተተክሎ እስኪያልቅ ሌላ አራት ወር ፈጀ። ያለቀ ዕለት ቤቷ ገብታ በሩን ዘግታ ሞከረችው። ድምፅዋ እንደ ድሮው ሙሉ ነው፣ ጥርሱም ንቅንቅ አላለም። ምን ይዋሻል፣ ደስ አላት። ሰፈሩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚላት አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ ያልፋል ብላለች።

ሰኔ ላይ የአብሮ አደጓ የአትጠገብ ልጅ ታሞ ሞተ። ለእርሻ የደረሰ ጎረምሳ ነበር። ሥራነሽ ስታቅፈው ስላደገ ግጥሙ ብዙም አላስቸገራት። ለቅሶው መሀል ገባች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች፣ አፏን ከፈተች።

አትጠገብ ከሬሳው አጠገብ ተነሥታ መጣችና መዳፏን በሥራነሽ አፍ ላይ አደረገች።

«ተቀመጭልኝ ሥራነሽ» አለቻት፣ ሳትቆጣ። «ለእናትሽ የሰሰትሽውን አፍ ለልጄ አልፈልገውም።»

አትጠገብን ተይ ያላት ሰው አልነበረም። ሥራነሽ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታ ተከናነበችና ከሴቶቹ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።