ጩኸት የተከለከለበት ፉከራ

በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ አጠገብ ባለችው መንደር ፔሬስ አውዎርን የማያውቅ የለም፤ ያላያት እንኳ ሰምቷታል። ድምፅ ሲታደል ሁለቴ ሳትሰለፍ አልቀረችም። ዓሣ አጥማጁ ባሏ ጀልባውን ዳር እያስጠጋ «ዛሬ ሚስቴ ክፍል ውስጥ ያስተማረችውን ውሃው ላይ ሆኜ ተምሬ መጣሁ» እያለ ያሾፍባታል። እሷም አትቀየመውም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ድግስ ላይማ አይጣል ነው። እጇን አንስታ ዘፋኙን ታስቆመዋለች፣ ሳህኑ ላይ ሳንቲም ጣል ታደርግና «እኔ ፔሬስ ነኝ፤ ስስቅ ጉማሬ የሚነቃልኝ፣ ስቆጣ ማዕበል የሚተኛልኝ» ብላ ትፎክራለች። በአካባቢው ባሉት የሉዎ ሰዎች ዘንድ ይህ ነውር አይደለም፤ ፓክሩኦክ ይሉታል። ራሱንና ወዳጁን በአደባባይ የማያሞግስ ሰው ድግስ ምን ሊያደርግ እንደመጣ አይገባቸውም። ከበሮው ይመታል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ተራው የሌላው ነው።

እንግዲህ ይህቺው ሴት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ክፍሏ ውስጥ ኦፖንዶ የሚባል ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነበር። ብዙ አያወራም። የጠርሙስ ቆርኪ በመስመር መደርደር ይወዳል፤ አንዱ ቆርኪ ትንሽ ከወጣ እስኪያስተካክለው ድረስ ሌላ ነገር አይታየውም። ጩኸት ግን ያመዋል፤ እውነተኛ ሕመም ነው የሚሆንበት። ይህን ያወቀው ጃሾን የሚባል የክፍሉ ቀልደኛ፣ በእረፍት ሰዓት ከኋላው ተደብቆ ይመጣና የምሳ ሳህኑን ጆሮው ሥር በማንኪያ ይቀጠቅጠዋል። ኦፖንዶ ጆሮውን ይዞ እየጮኸ ይሽከረከራል፤ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል። ፔሬስ ጃሾንን ግቢ አስጠረገችው። በማግስቱ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ደገመው። ሳቂዎቹም ተከትለውት ሄዱ።

ሰኞ ዕለት የኦፖንዶ እናት መጣች። ኒያሴምቦ ትባላለች፤ ወደቡ ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ፣ አንገቷን የደፋች ሴት ናት።

«ፔሬስ እህቴ፣ አንቺን አልወቅስም» አለቻት። «ልጄ ግን ማታ ማታ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ጀምሯል። እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ካልሆነ ወስጄ ከዓሣዬ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።»

«እዚያ ምን ይማራል?»

«ምንም። ግን አይስቁበትም።»

ፔሬስ እንዲህ ተብሎ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ አይታ አታውቅም።

አሰበች፣ አሰበችና ልጁ የጎደለው ክብር ነው አለች። ረቡዕ ጠዋት በሰልፍ ላይ ኦፖንዶን ፊት አቆመችው፤ ከበሮ አስመታች፤ ባላት ጉሮሮ ሁሉ «ይህ ኦፖንዶ ነው፤ የቆርኪዎች ጄኔራል፣ የሐይቁ ኩራት» ብላ ፎከረች። መላው ትምህርት ቤት እልል አለ፣ አጨበጨበ፣ መሬት ረገጠ። ኦፖንዶ ጆሮውን ይዞ ሮጠና የአስተማሪዎች ክፍል ጠረጴዛ ሥር ገባ። እስከ ምሳ ድረስ አልወጣም።

ጃሾን በአንድ ሳህን ያደረገውን እሷ በሙሉ ትምህርት ቤት አደረገችው። ጃሾንም ዝም አላለም፤ «ቲቸር፣ እኔ እንኳ በሳህን ብቻ ነበር» አላት።

ፔሬስ ቀሚሷን ሰብስባ ጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አጠፋሁ፣ ኦፖንዶ» አለችው። «ላሞግስህ ነበር።»

«ቀስ» አለ።

«ቀስ ብዬ?»

«አሁንም ጮኸሻል።»

ፔሬስ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንሾካሾከች። ልጁ እጁን ከጆሮው አወረደ።

ሐሙስ ክፍሉ ውስጥ አዲስ ሕግ ወጣ። በእረፍት ሰዓት ፓክሩኦክ አለ፤ ግን በሹክሹክታ። መፎከር የፈለገ ለኦፖንዶ ቆርኪ ይሰጣል፤ ኦፖንዶ ቆርኪውን መስመሩ ላይ ሲያስተካክል ተረኛው ይጀምራል። ጮክ ያለ ቆርኪው ይመለስለታል፤ እስከሚቀጥለው የትምህርት ቀን ተራ የለውም። ኦፖንዶ ደግሞ በዝምድና የሚሠራ ዳኛ አልነበረም። የመጀመሪያውን ቆርኪ የመለሰው ለፔሬስ ነው።

ልጆቹ አበዱለት። ድግስ ላይ ትልልቆቹ ሲፎክሩ ተራ ሳይደርሳቸው ያደጉ ናቸው፤ አሁን ሁሉም ጀግና ሆነ። ጃሾን አኩርፎ ውጭ ቀረ። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሳህኑን ቀጠቀጠው። ኦፖንዶ ጆሮውን ያዘ። የሳቀ ግን አልነበረም።

«አንተ፣ ተራዬን ልታስበላኝ ነው?» አለችው ሮዜቤላ፣ ቆርኪዋን የሰጠችው ገና አሁን ነበር። «ወይ ግባ፣ ወይ ሂድ።»

ሳቅ የሌለው ቀልድ ምን ያደርጋል? ጃሾን ቆርኪ ፈልጎ ገባ። ኦፖንዶ ቆርኪውን አላየውም፤ እጁን ወደ ሳህኑ ዘረጋ። ጃሾን ወደ ፔሬስ ቢያይ እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ሳህኑን ሰጠ። ኦፖንዶ ሳህኑን እግሩ ሥር አስቀመጠ፣ ቆርኪውን ተቀበለ፣ አስተካከለው። «ጀምር» አለ።

ዓርብ ኒያሴምቦ የልጇን ዕቃ የምትይዝበት ዘንቢል አንጠልጥላ መጣች። ከክፍሉ ምንም ድምፅ አለመውጣቱ አስደነገጣት፤ በሩን ከፈት አደረገችው። ልጇ የመምህሯ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ረጅም የቆርኪ መስመር። ሮዜቤላ ጎንበስ ብላ «እኔ ሮዜቤላ ነኝ፤ የኦፖንዶ ጓደኛ፣ ከአውሎ ነፋስ የማልሸሽ» እያለች ታንሾካሹካለች። ልጆቹ በሁለት ሁለት ጣት ያጨበጭባሉ።

ኒያሴምቦ ገባች። ድግስ ላይ አንድም ቀን እጇን አንስታ የማታውቀው ሴት እጇን አነሣች።

«ቆርኪ» አላት ኦፖንዶ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ እናትህ ነኝ።»

«ቆርኪ።»

ልጆቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ጃሾን ከኪሱ አንድ ቆርኪ አውጥቶ እጇ ውስጥ አደረገላት። ኦፖንዶ ተቀበላት፣ አስተካከለው።

«እኔ ኒያሴምቦ ነኝ» ብላ በሹክሹክታ ጀመረች። «ልጅሽ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ ከዓሣዬ ጀርባ የምደበቅ ነበርኩ። እኔ...» ድምፅዋ ድንገት ከፍ አለና እስከ ግቢው ተሰማ። «እኔ የኦፖንዶ እናት ነኝ።»

ፔሬስ ዓይኗን በእጀታዋ ጠረገች። ኦፖንዶ ግን ቆርኪውን ከመስመሩ አነሣና ለእናቱ መለሰላት።

«ጮኸሻል» አላት። «ሰኞ ነይ፤ እዚሁ ነኝ።»

ኒያሴምቦ ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ብቻዋን ወጣች።