ለመፈተሻ የተፈቀደችው ሬዲዮ

ሰፈር ቅጽል ስም ሲያወጣ ምሕረት የለውም። ቁመቱ ከሥራ ጠረጴዛው እምብዛም የማይበልጠውን ሬዲዮ ጠጋኝ «አጭር ሞገድ» አለው፤ ከእሱ አንድ ክንድ የምትረዝመውን ሚስቱን ደግሞ «ረጅም ሞገድ»። ሚስቱ ተቀይማ ሳምንት ሙሉ ጎረቤት አላናገረችም። እሱ ግን ስሙን ወደደው። «እናቴ ያወጣችልኝ ስም ሥራዬን አይናገርም፤ ይሄኛው ይናገራል» ይል ነበር።

አሁን ሰባን ተሻግሯል። ሱቁ ዛሬም ያቺው ናት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት። የሚመጣው ሥራ ግን ስልክ ሆኗል፣ እሱ ደግሞ ስልክ አይነካም። «ስልክ ሲበላሽ አይሸትም» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ይልካቸዋል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ሬዲዮ ሲመጣለት የጀርባውን ክዳን ፈትቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አፍንጫውን ማስገባት ነበር። የተቃጠለ ሽቦ የራሱ ሽታ አለው፤ የበረሮ ጎጆ የራሱ፤ ባልና ሚስት ተጣልተው ሻይ የደፉበት ሬዲዮም የራሱ። ማን ከማን ጋር ሰላም እንዳደረ ከሬዲዮው ሽታ ያውቅ ነበር፣ አውቆም ዝም ይል ነበር።

ያንን ዘመን ይናፍቀዋል። መናፈቁ ደግሞ ያሳፍረዋል፤ ምክንያቱም ዘመኑ የሚናፈቅ አልነበረም።

ሕጉ የወጣው እሱ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ነው። ሬዲዮ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ የውጭ አገር ጣቢያ የሚይዘው አጭር ሞገድ ከየሬዲዮው ይቆረጥ፣ ጀርባው በእርሳስ ማኅተም ይታሸግ ተባለ። ሰፈርተኛው ወሬውን እንደሰማ በሳቅ ፈረሰ። «አንተንስ መቼ ነው የሚያሽጉህ?» ይሉት ጀመር። ሳቁ ግን አልቆየም። ቆራጩ ማን ይሁን ሲባል ፈቃድ ያለው ጠጋኝ በሰፈሩ እሱ ብቻ ነበርና ፒንሳና ካቻቪቴ አስይዘው ከአንድ ተቆጣጣሪ ጋር ቤት ለቤት ላኩት። እምቢ ቢል ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ፈቃዱ ቢነጠቅ ቤቱ ጦሙን ያድራል። እሺ አለ። እሺ ማለቱን ዛሬም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው።

ከሱቁ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊዋ ነበረች፣ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጠው። አንድ ልጇ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄዶ እዚያው ቀርቶ፣ በአንድ የውጭ ጣቢያ በአገሩ ቋንቋ ዜና ያነብ ነበር። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ ይላል፤ መንገደኛው ሁሉ ሰዓቱን በእሷ ያውቅ ነበር። ተቆጣጣሪው አጠገቡ ቆሞ እያየ ጠጋኙ የሬዲዮዋን ሽቦ ቆረጠባት። አልጮኸች፣ አልለመነች። «ጨረስክ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። ከዚያ ዕለት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን መኪናዋ ሳያቋርጥ ይሰፋ ጀመር። ያንን ድምፅ ሱቁ ውስጥ ሆኖ መስማት አልቻለም።

ሕጉ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። ጠጋኝ ሥራውን የሚፈትሽባት አንዲት ያልታሸገች ሬዲዮ ሱቁ ውስጥ ሊኖረው ይችላል፤ በሥራ ሰዓት ብቻ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ። አጭር ሞገድ ሦስት ወር አሰበበት። በአራተኛው ወር መንገዱን ተሻግሮ «እትዬ፣ ኮቴ ተቀዷል። ሱቅ መጥተው ቢያዩልኝ» አላት።

«ኮትህን ለምን ይዘኸው አትመጣም?»

«አሥር ሰዓት ላይ ቢመጡ ነው የሚሻለው።»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ መርፌዋን ከደረቷ ላይ ነቅላ መያዣው ላይ ሰካች።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው ጥግ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ኮቱን ጭኗ ላይ ትዘረጋለች። ከመፈተሻዋ ሬዲዮ የወጣ ቀጭን ሽቦ በሻሿ ሥር ገብቶ ጆሮዋ ውስጥ ያልቃል። እሱ ካቻቪቴውን ይዞ የሞተ ሬዲዮ ይጎረጉራል። ሩብ ሰዓት። አይነጋገሩም። አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፤ ልጇ አስቂኝ ነገር አንብቦ ሳይሆን ትንፋሹ ሲያጥረው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያደርጋትን ነገር ታውቃትና ነው። አንድ ቀን ሽቦውን አውጥታ «ጉንፋን ይዞታል» ብላው ሄደች። ማታ እሱም ስለ ጉንፋኑ ሲጨነቅ አመሸ።

ሰፈሩ ዓይን አለው። ወጣት ጠጋኝ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሐሜቱን መጨረሻ የሰማው እሱ ሆነ። ሚስቱ አንድ ምሽት ወገቧን ይዛ ቆመችበት።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ኮት ስንት እጅጌ ነው ያለው?»

እውነቱን ነገራት። ከዚያ ጓዳ ገብታ መቀስ ይዛ ወጣችና የኮቱን ገበር በረጅሙ ተረተረችው። «እንግዲህ ቢያንስ የሚሰፋ ነገር ይኑራት» አለች። ረጅም ሞገድ እንዲህ ዓይነት ሴት ነበረች።

ሁለት ዓመት ማንም ሳይነቃ አለፈ። ከዚያ አንድ ሰኞ፣ ከአሥር ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ተቆጣጣሪው ሳይታሰብ ደረጃው ላይ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን እንደሰጠች ናት፤ ሽቦው ጆሮዋ ውስጥ ነው፤ ምንም አልሰማችም። አጭር ሞገድ ክው አለ። ማጥፊያውን ማዞር ነበረበት። ሕፃን ልጅ እንኳ ማጥፊያውን ያዞር ነበር። የጠጋኝ እጅ ግን የለመደውን ያደርጋል፤ በቀን ሃያ ጊዜ እንደሚያደርገው የማዳመጫውን መሰኪያ ነቀለው።

መሰኪያው ሲነቀል ድምፁ ወደ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ይሄዳል። እንዲያ አድርጎ የገጠመው ደግሞ እሱ ራሱ ነበር።

የልጁ ድምፅ ሱቁን ሞልቶ በተከፈተው በር ወደ መንገዱ ፈሰሰ። የሚያነበው ስለ ዝናብ ነበር፤ የት አካባቢ እንደሚዘንብ፣ የት ደመና ብቻ እንደሚሆን። ዳቦ ሻጩ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። መንገደኛው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ሽቦው ከሻሿ ሥር ተንጠልጥሏል። ተቆጣጣሪውን አላየችውም። ወደ ደጅ ዞራ፣ ለመንገዱ በሙሉ፣ «ልጄ ነው!» አለች። «ልጄ ነው እኮ!»

አጭር ሞገድ አሁንም እጁን ሬዲዮዋ ላይ ማሳረፍ አልቻለም። ዝናቡ ተነብቦ እስኪያልቅ ያጠፋት የለም።

እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ምን ይከራከራል? እሷን አንድ ቀን መርምረው ለቀቋት። እሱ ስድስት ወር ታሰረ፤ ፈቃዱም መፈተሻዋ ሬዲዮም ተወሰዱ። ሚስቱ ልትጠይቀው ስትመጣ በሽቦው አጥር ማዶ ሆና «ሳል ይዞ ስርቆት አሉ» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ከእስር ሲወጣ ሕጉ እስኪነሣ ድረስ ስምንት ዓመት ያህል ጃንጥላና ምድጃ ሲጠግን ኖረ። ሕጉ ሲነሣ ማኅተሞቹን በነጻ ፈታ፤ የልብስ ሰፊዋን ከሁሉ አስቀድሞ። የተቆረጠውን ሽቦ በየደ፣ የጣቢያ ጠቋሚውን መርፌ የልጇ ጣቢያ ላይ አመጣ። ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ጣቢያው ያንን ስርጭት ከዘጋ ዓመት አልፎት ኖሯል። «ግድ የለም» አለችው። እሱ ግን ግድ ነበረው። በዚያች የእጁ ስህተት ሰባት ዓመት የልጇን ድምፅ እንዳሳጣት አምኖ ነው ያረጀው። ሚስቱም ጥፋቱ ያንተ አይደለም እያለች ስትከራከረው ኖራ ሞተች።

ዘንድሮ ልጇ ስልክ ላከላት። ሰማንያን አልፋለች፣ ዓይኗ ደክሟል። መስመር ለማውጣት በአሻራ መመዝገብ ግዴታ ነው ተብሎ አጭር ሞገድ ይዟት ሄደ። ስድሳ ዓመት መርፌ የገፋ አውራ ጣት ምን አሻራ አለው? መሣሪያው አሥር ጊዜ እምቢ አለ። ጸሐፊዋ «በሌላ ሰው አሻራ ደግሞ ክልክል ነው» አለች። አጭር ሞገድ፣ ስሜን የትም አላስመዘግብም ብሎ እስከዚያ ቀን ድረስ ስልክ ሳይዝ የኖረው ሰውዬ፣ «መስመሩ የእኔ ነው። ለራሴ ነው የማወጣው» ብሎ አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ሚስቱ በሕይወት ብትኖር «ደግሞ ጀመርክ!» ትለው ነበር።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ የሚጮኸውን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ተሻገረች። «የት ነው የሚነካው?» አለችው። እሱም አያውቅም ነበር፤ ሲደባብስ ተከፈተ፤ ደግሞ ሲደባብስ ድምፁ ጎልቶ ሱቁ ውስጥ ተሰማ። ልጁ ድምፁ አርጅቷል። እናቱን ጠየቀ፣ ጤናዋን፣ ጉልበቷን። «አጠገብሽ ማን አለ?» ሲል «ሬዲዮ ጠጋኙ» አለችው።

ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳን የሬዲዮ ሰው ነዎት፣ ይገባዎታል። ያ ሕግ ከወጣ በኋላ ከአገር ቤት አንድ ደብዳቤ አልመጣልንም። ሬዲዮ ሁሉ ታሽጓል አሉን። ለግድግዳ ሳነብ ነው የኖርኩት። ወጣትነቴን ባዶ ክፍል ውስጥ እያወራሁ ጨረስኩት።»

አጭር ሞገድ ልብስ ሰፊዋን አያት። «አልነገሩትም እንዴ፣ እትዬ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በአንተ ምክንያት ሰው ታሰረ ብዬ እንዴት ልንገረው?» አለች፣ እሷም በሹክሹክታ፤ ራሷንም ነቀነቀች፣ ተው ለማለት።

አልተወም። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ስማኝ ልጄ። እናትህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አሁን እኔ በቆምኩባት ቦታ፣ አንድ ቀን ሳታጓድል ሰምታሃለች። ጉንፋን ሲይዝህ ታውቅ ነበር። ከዚያ አንድ ሰኞ እኔ ተሳሳትኩና መንገዱ ሁሉ ሰማህ። ዳቦ ሻጩ ሰማህ። ሊይዘን የመጣው ሰውዬ ራሱ ቆሞ ሰማህ። ስለ ዝናብ ነበር የምታነበው።»

ከስልኩ ምንም አልመጣም። ደጅ አንድ ጋሪ አለፈ። ልብስ ሰፊዋ በደከመ ዓይኗ ስልኩን ፈለገችው።

«ተቋረጠ እንዴ?»

አጭር ሞገድ መነጽሩን ገፋ አድርጎ መስታወቱ ላይ የሚሮጡትን ሴኮንዶች አየ።

«አልተቋረጠም፣ እትዬ» አላት። «እየሰማ ነው።»